አያ ፋንታ እና የእሜቴ ፊሽካ

ከተማ የሚባል ነገር ሁሉ አንድ መዋጮ ሰብሳቢ አለው። ውኃ የሌለው ከተማ ሞልቷል፤ መብራት የሌለውም እንዲሁ። መዋጮ ሰብሳቢ የሌለው ግን እስካሁን አልታየም። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ከላይ ብቅ ሲል መንገዱ ይሰፋለታል። ባለሱቁ ድንገት ከመደርደሪያው ሥር የሚፈልገው ዕቃ ይኖረዋል። ስልኩ ያልጮኸ ሰው ስልክ ያነሳል። ተጣልተው የከረሙ ጎረቤታሞች እንኳ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ወደ አንድ ቅያስ ይታጠፋሉ።

የቢቸናው መዋጮ ሰብሳቢ ክቡር አቶ ፋንታ ቢያድግልኝ ነው፤ አገሬው አያ ፋንታ ይለዋል። ሌላው ሰብሳቢ ለጣሪያ ቆርቆሮ፣ ለምንጭ፣ ለድልድይ ይለምናል። አያ ፋንታ የሚለምነው ለባቡር ነው። ያውም ቢቸና ለሌለች ባቡር። ያውም ለማትሄድ ባቡር።

ባቡሯ ያለችው ድሬዳዋ ነው። ድሮ በእንፋሎት ትሄድ የነበረች፣ አሁን ዝገት ለብሳ የቆመች አሮጊት ናት። አያ ፋንታ ጎረምሳ ሳለ ከቢቸና ወጥቶ ምድር ባቡር ሲቀጠር እሷ ቀድማው ጡረታ ወጥታ ነበር። የመጀመሪያ ሥራው ናሷን መወልወል ሆነ። ወለወላት፤ ልቡ እዚያው ቀረ። ዕድሜው ሞልቶ ወደ አገሩ ሲመለስ ሚስት አላመጣም፣ ጥሪትም አላመጣም፤ ያመጣው "እሜቴ" እያለ የሚጠራትን የባቡር ወሬ ነው። እዚያ የቀሩ ጡረተኛ ጓደኞቹ እሜቴን አድሰው ዳግም ጭስ እንድትተፋ ለማድረግ ማኅበር ቢያቋቁሙ፣ አያ ፋንታ የማኅበሩ የምሥራቅ ጎጃም ቅርንጫፍ ሆነ። ቅርንጫፉ ሦስት አባላት አሉት። አንዱ ራሱ ነው። ሁለተኛው የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ ናቸው፤ እሳቸው ባቡር አይተው አያውቁም፣ ግን "እሳትና ውኃ ታርቀው ብረት ከገፉ ማየት አለብኝ" ብለው ገቡ። ሦስተኛዋ ሳትጠየቅ የገባችው ታላቅ እኅቱ ሀብትነሽ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ግቢዋን የሚጋራት ይኸው ወንድሟ ነውና የት ታመልጣለች?

ሀብትነሽ ያላየችው የለም። ለቅሶ ቤት አብራው ትሄዳለች። እሱ "እግዜር ያጥናችሁ" ይላል፣ አንገቱን ይደፋል፣ ደግ ሰው ይመስላል። ቆየት ብሎ ግን፣ "ሟች እኮ ጉዞ ይወዱ ነበር" ብሎ ይተነፍሳል። ያን ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ጫማውን መፈለግ ይጀምራል። ደጀን ሲወርዱም አውቶቡስ የሚገባው ሞልቶ ረዳቱ በር ሊዘጋ ሲል ነው፤ ወንበር የያዘ መንገደኛ አይሸሽማ።

"አንድ ደቂቃ!" ይላል እጁን አንሥቶ። "እሷ ይህን ሁሉ ዘመን ቆማለች፤ እናንተ አንድ ደቂቃ መቆየት ያቅታችኋል?"

ይህች ቃል ከደጀን እስከ ሞጣ የታወቀች ናት። ቢቸና ውስጥ ሚስት ባሏን "ወጡ ይደርሳል፣ ታገሥ" ለማለት እንኳ "እሷ ይህን ሁሉ ዘመን ቆማለች" ትላለች።

አንድ የገበያ ቀን ከሉማሜ የመጣ ያለው የሚባል ገበሬ፣ የአያ ፋንታ እኩያ፣ ነገሩን ከሥሩ ሊያጣራ ፈለገ።

"ባቡርህ እዚህ ትመጣለች?"

"አትመጣም።"

"እኔስ እዚያ ወርጄ አያታለሁ?"

"አንተ? ከሉማሜ ቢቸና ስትመጣ አይደል የምታማርር?"

"ታዲያ ላላየኋትና ለማላያት ምን ብዬ ነው የምሰጥ?"

"ኢየሩሳሌምንስ አይተሃታል?"

 ገበሬው ሊሸጥ ያመጣትን ዶሮ አየ፣ ሰማይ አየ፣ ዶሮዋን አስረከበ።

ዶሮዋ የተሰጠችው ለሀብትነሽ ነው፤ መከራው የሚወድቀው ሁልጊዜ እሷ ላይ ነው። ከጓሮዋ የባቡር ዶሮ አለች፣ የባቡር በግ አለ፣ ከጎታዋ አጠገብ የባቡር ገብስ ተቀምጧል። የባቡሯ ዶሮ እንቁላል ስትጥል ማን ደፍሮ ይጠብሰዋል? ፋሲካ በዋለ ማግስት ሀብትነሽ አንዱን ብታነሣ፣ ወንድሟ ከበሩ ላይ ቆሞ፣ "እታለም፣ የእሜቴን ጎማ ልትበይ ነው?" አላት። ባቡር ጎማ እንደሌላት የገባት ቆይቶ ነው። እንቁላሉን ግን መልሳለች።

ባለፈው ዓመት አያ ፋንታ ድሬዳዋ ደርሶ ሲመለስ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አቅፎ መጣ። ፈታው። ክንድ የሚያህል የናስ ፊሽካ ነው፤ እንደ ቤተ መቅደስ ዕቃ ያበራል።

"የእሜቴ ድምፅ ናት" አለ በሹክሹክታ። "ሌባ እንዳይወስዳት ከአናቷ ላይ ነቅለው አስቀምጠዋት ነበር። ሰው ዓይቶ እንዲያምን ተውሼ መጣሁ። ጨረታ አወጣባታለሁ።"

"አምነው ሰጡህ? ዋስ ማንን ጠራህ?"

"ማንንም። ማልሁላቸው።"

"ምን ብለህ?"

አያ ፋንታ ፊሽካዋን ማገላበጥ ጀመረ። "'ሀብትነሽ ትሙት መልሼ አመጣታለሁ' ብዬ።"

"እኔን? ለአንድ ጉማጅ ናስ እኔን አስይዘህ መጣህ?"

"እታለም፣ ከአንቺ የሚበልጥ ምን ነበረኝ?"

ሀብትነሽ ልትሰድበው የከፈተችውን አፍ መልሳ ዘጋችው። እንዲህ ዓይነት ሰው ነው፤ ሊያስቀይም ይመጣና ሰው የሚቀየምበትን ምክንያት ይዞበት ይሄዳል።

የጨረታን ወግ በእኛ አገር የማያውቅ የለም። ያሸነፈ ሰው ያሸነፈውን ዕቃ አይወስድም። ገንዘቡን ይከፍላል፣ ዕቃውን ከፍ አድርጎ ያሳያል፣ ይጨበጨብለታል፤ ከዚያም "መልሼ ሰጥቻለሁ" ይላል። ዕቃው ደግሞ ይጫረታል። አንድ ጃንጥላ እንዲህ እየዞረ የአንድ ደብር ጣሪያ ሲያስጨርስ ታይቷል። ቢቸና ላይ ፊሽካዋ ከባለ ሆቴሉ ወደ ነጋዴው፣ ከነጋዴው ወደ ሐኪሙ ስትዞር ውላ፣ ሲመሽ ተመልሳ አያ ፋንታ እቅፍ ውስጥ ገባች። እሱ ደግሞ ጨረታ ሲመራ ራሱን አያውቅም። ተረከዙ ከመሬት ይነሣል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ "ያሸነፈ ቤቱ ይዟት ይገባል! ለልጅ ልጁ ያወርሳታል!" እያለ ይጮኻል። እንዲያው ለወጉ ነው። ይዞ የሚገባ ማን አለ?

ሞጣ ላይ ተገኘች።

ወይዘሮ ጥሩአየሁ የወፍጮ ቤት ባለቤት ናት፤ ቁጥብ፣ ጭምት፣ አንድ ተናግራ ሁለት የማትደግም። ጨረታው ሲጀመር ጥግ ይዛ ተቀምጣ ነበር። ሰው በጨመረ ቁጥር ትጨምራለች፤ ድምፅዋ ግን ከፍ አይልም። መጨረሻ ላይ ብቻዋን ቀረች። ከፈለች። ፊሽካዋን ተቀበለች። አዳራሹ አጨበጨበ። እሷም ነጠላዋን አውልቃ ፊሽካዋን ጠቀለለቻት፣ በጀርባዋ እንደሚታዘል ሕፃን አድርጋ ያዘቻት፣ ደህና ዋሉ ብላ ወጣች።

ሰው ጭብጨባውን አላቋረጠም፤ "መልሼ ሰጥቻለሁ" የሚለውን እየጠበቀ ነው። የባጃጅ ሞተር ሲነሣ ተሰማ። ያን ጊዜ እጆች አንድ በአንድ ቆሙ።

"ረስታው ነው" አሉ መሪጌታ።

ከፊተኛው ወንበር ላይ የነበረችው ሀብትነሽ ተነሥታ፣ "ምን ትጠብቃለህ? ተከተላታ!" አለችው።

አያ ፋንታ ካለበት አልተነቃነቀም። ፊቱ አመድ መስሏል። "'ቤቱ ይዟት ይገባል' ያልሁ እኔ ነኝ፣ እታለም። ሰው ሁሉ እየሰማ። በአፌ የሸጥሁትን እንዴት ብዬ ነው የምነጥቃት?"

"ድሬዳዋ የማልኸውስ? እኔስ?"

 ሁለት ቃል ሰጥቷል፤ አንዱን ቢጠብቅ ሌላው ይፈርሳል።

ቢቸና ተመልሰው የሆነው ነገር ታይቶ አይታወቅም። አያ ፋንታ በመንገዱ መሐል ሄደ፣ ማንንም አላስቆመም። ባለሱቁ እንደ ልማዱ ከመደርደሪያው ሥር ገብቶ ሲጠብቅ ሲጠብቅ፣ ወገቡ ሲደክም ቀና ብሎ አየ። ሰውዬው አልፎታል። ለቅሶ ቤት ሄደ፤ "እግዜር ያጥናችሁ" አለ፣ ቡና ጠጣ፣ ወጣ። ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ። ገበሬው ያለው ከሉማሜ መጣና፣ ሁለተኛ ዶሮ ይዞ ደጁ ላይ ቆመ። "ዛሬ አትጠይቀኝም?" ቢለው አያ ፋንታ፣ "ውሰዳት፣ ለልጆችህ ትሁን" አለው። ያለው ከደጅ ሲወጣ ሀብትነሽን ወደ ጎን ጠርቶ፣ "ይሄ ሰው ሊሞት ነው" አላት።

እሷም የፈራችው ይህንኑ ነው። በእሷ ስለ ማለ የምትሞት እሷ መሆን ነበረባት፤ እሱ ግን ቀድሟት እየሄደ ነው። እህል አይቀምስም። የባቡር በግ ሲጮህ እንኳ ቀና አይልም። ሀብትነሽ አንድ ማለዳ የባቡሯን ዶሮ እንቁላል ሁሉ ጠበሰችና፣ "የእሜቴን ጎማ ጠበስሁት!" ብላ ሰጠችው። ይቆጣል ብላ ነበር። ሳህኑን ገፋ አድርጎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ያን ጊዜ ቆረጠች። "ተነሥ። ሞጣ እንሄዳለን።"

"ቃሌን…"

"አንተ ቃል ሰጥተሃል። እኔ አልሰጠሁም። እኔ ስለ ነፍሴ ነው የምሄድ።"

መሪጌታም ጥምጥማቸውን አስተካክለው ተከተሉ።

ወይዘሮ ጥሩአየሁ ወፍጮ ቤቷ በር ላይ ተቀበለቻቸው። ዱቄት ቅንድቧ ላይ ሳይቀር ሰፍሯል። ሀብትነሽ የወጉን ሰላምታ እንኳ አላስረዘመችም።

"ወይዘሮ ጥሩአየሁ፣ ፊሽካዋን ፈልጌ ነው የመጣሁ።"

"ገዝቻት የለም እንዴ? ቤትሽ ይዘሻት ግቢ ተባልሁ፣ ገባሁ። አጠፋሁ?"

"አላጠፉም" አለ አያ ፋንታ ከኋላ፣ መሬት እያየ።

"ያጠፋ እሱ ነው" አለች ሀብትነሽ። "ነገር ግን በእኔ ነፍስ ምሎ ነው የተዋሳት። ካልመለሳት እኔ ሟች ነኝ። ለምንድን ነው የፈለጓት? ጌጥ ነው?"

 ጥሩአየሁ ወደ ውስጥ ገብታ ፊሽካዋን ይዛ መጣች።

"አባቴ በልጅነቱ ወታደር ሆኖ ድሬዳዋ ኖሯል" አለች። "ሲመለስ፣ 'ብረት ሲያለቅስ ሰማሁ፤ ሲጮህ ተራራው ይመልስለታል' ይለን ነበር። እየጮኸ ያሳየናል። መንደሩ ሳቀበት። 'ቀጣፊው' ብለው ስም አወጡለት፤ በዚያው ስም ሞተ፤ እኛንም የቀጣፊው ልጆች ይሉናል። እንደዚያ ይጮህ እንደሆነ በጆሮዬ ልስማ ብዬ ነው። ግን ነፋሁ፣ በወናፍ ነፋሁ፣ ልጆቼ በየተራ ነፉ፤ እፍ ብቻ። አባቴ እውነትም ሳይዋሽ አልቀረም።"

አያ ፋንታ ቀና አለ። ካለፈው ጨረታ ወዲህ ዓይኑ ሰው ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነው።

"በትንፋሽ?" አለ። "እሜቴን በትንፋሽ? ወይዘሮ ጥሩአየሁ፣ የእሷ ሳንባ እንደ ቤት ነው!"

ግቢው ውስጥ ጤፍ ሊጭን የቆመ ከባድ መኪና ነበረ። አያ ፋንታ ሹፌሩን፣ ሐብታሙ የሚባለውን፣ በጋኑ የታመቀው የፍሬን አየር መሙላቱን ጠየቀው። መልሱን ሳይጠብቅ ከመኪናው ሥር ገባ። ጎማ ቱቦ አስመጣ፣ በሽቦ አሠረ፣ የፊሽካዋን እግር ከቱቦው ጋር በጨርቅ ጠቀለለ።

"አባባ፣ ፍሬኔን ሊጨርሱብኝ ነው! ዓባይን የምወርድ ሰው ነኝ!" ጮኸ ሐብታሙ።

ከመኪናው ሥር አንድ እጅ ወጣ። "አንድ ደቂቃ! እሷ ይህን ሁሉ ዘመን ቆማለች፤ አንተ አንድ ደቂቃ መቆየት ያቅትሃል?"

ሀብትነሽ ይህን ስትሰማ የእህል ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ፊሽካዋ ትጩህ አትጩህ ከዚህ በኋላ ለእሷ ትርፍ ነበር።

መጀመሪያ ሳል መጣ። ቀጥሎ ፉጨት። ከዚያ እሜቴ ጮኸች።

አህዮች ገመዳቸውን በጥሰው ሄዱ። ሊያስፈጩ የተሰለፉ ሴቶች ባንድ አፍ "በስመ አብ!" አሉ። መሪጌታ ጥምጥማቸውን በሁለት እጅ ያዙ። ድምፁ በሞጣ ጣሪያዎች ላይ አልፎ፣ ማዶ ያለውን ተራራ ነክቶ፣ ቀጥኖ ተመለሰ።

ጥሩአየሁ ፊቷ ላይ ያለው ዱቄት በእንባ ተሰነጠቀ። ከዚያም ያ ጭምት አፏ ተከፍቶ ሳቀች።

"አባቴ አልዋሸም" አለች። "እንዲያውም ቀንሶ ነው የነገረን!" የተሰለፉትን ሴቶች አንድ በአንድ እያየች፣ "ሰማችሁ? ሰማሽ አንቺ? ሰማሽ ወይንእሸት? የቀጣፊውን ልጅ ሰማሽ?" አለቻቸው። ወይንእሸት የተባለችው አንገቷን ደፋች።

ፊሽካዋ ከቱቦው ስትፈታ ጥሩአየሁ በሁለት እጇ ተቀበለቻት፤ ከፍ አደረገቻት።

"መልሼ ሰጥቻለሁ" አለች።

እልልታው ቀለጠ። አያ ፋንታ በዘይት የተለወሰ እጁን አንሥቶ፣ "ወይዘሮ ጥሩአየሁን እያመሰገንን፣ እንግዲህ ጨረታው ከዚህ ይቀጥ…" ማለት ሲጀምር ሀብትነሽ ክንዱን ቆነጠጠችው።

ፊሽካዋ በዚያው ሳምንት ድሬዳዋ ገባች። አያ ፋንታ ራሱ አደረሳት። በተመለሰ ማግስት ማለዳ ሀብትነሽ ከበሯ ላይ ቆማ መንገዱን አየች። ከላይ ወንድሟ ብቅ አለ። ባለሱቁ ከመደርደሪያው ሥር ጠፋ። ሁለት ሰዎች ስልክ አነሡ። አንዲት ሴት ልጇን ጎትታ ወደ ቅያሱ ታጠፈች። መንገዱ ባዶ ሆነ፣ ሰፋ።

"ተመስገን" አለች ሀብትነሽ። "ዳነልኝ።"

ወዲያው እጁን አንሥቶ ወደ እሷ ሲያቀና አየችው። የዚያን ማለዳ የለቀመችውን የባቡሯን ዶሮ እንቁላል ከነእንቅቡ፣ የራሷንም ዶሮዎች እንቁላል ጨምራ፣ ሊያየው በሚችልበት ደፍ ላይ አስቀመጠችና፣ ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ጓሮ ሮጠች።