ጋሽ ሀቢሶ ጃኬታቸውን አያወልቁም

ጆሃንስበርግ የሚኖር ሐበሻ ሁሉ ምግብ ቤት ገብቶ ጀርባውን ለግድግዳ፣ ዓይኑን ለበር የሚሰጥ አንድ ሰው ያውቃል። ይህ ሰው በጥር ሙቀት ጃኬት ይለብሳል። ቢራ አይጠጣም። ሲስቅ እንኳ የሚስቀው በግማሽ ፊቱ ነው፤ ሌላኛው ግማሽ ዘብ ይቆማል። የማያውቀው ሰው ጨዋነቱን ያደንቃል። የሚያውቀው ወገቡን ያያል።

ጂፒ መንገድ ላይ መጋረጃ የምንሸጥ ሰዎች ይህን ማዕረግ የሰጠነው ለክቡር ጋሽ ሀቢሶ ነው። ጋሽ ሀቢሶ የብርድ ልብስ አከፋፋይ ናቸው፤ አገሩ ውስጥ ከብዙዎቻችን በፊት ገብተው ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያወጡ፣ በዚያም ላይ ሽጉጥ የጨመሩ ሰው ናቸው። በድብቅ ይይዙታል፣ ግን በሕግ። ይህችን ልዩነት ያልተረዳ ሰው እሳቸው ፊት ባይቀመጥ ይሻለዋል።

"እኔ ሕጋዊ ነኝ" ይላሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። "ላይሰንስ አለኝ። አፎት ውስጥ ነው፤ ተሸፍኗል፤ ከእጄ አይርቅም። መጠጥ የቀመሰ ሰው ደግሞ አይነካውም።"

ስለዚህ እኛ ቢራ ስናዝዝ እሳቸው ስቶኒ የተባለውን ዝንጅብል ዝንጅብል የሚል ለስላሳ ያዝዛሉ። ጠርሙሱ ዓይናቸው እያየ ካልተከፈተ አይቀምሱትም።

ምሳ የምንበላው ኤርጎጌ ዘንድ ነው። ምግብ ቤቷ ከሱቆቻችን በላይ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው። አንዳንድ ምግብ ቤቶች በራቸው ላይ የተሰረዘ ሽጉጥ ሥዕል ይለጥፋሉ። ኤርጎጌን አንቺስ ለምን አትለጥፊም ብዬ ጠየቅኋት።

"ሌባውም እኮ ዓይን አለው" አለችኝ። "እዚህ ቤት የታጠቀ የለም፣ ግቡ ብዬ ልጥራው?"

እንዲህ ትበል እንጂ የጋሽ ሀቢሶን ጠረጴዛ ከመጠጡ ባንኮኒ በጣም ርቆ ጥግ ላይ ያኖረችው እሷው ናት።

ከጋሽ ሀቢሶ ጋር ሰላምታ መለዋወጥ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። እኛ ስንገናኝ ትከሻ ለትከሻ እንጋጫለን፤ ወዳጅነቱ በጠና ቁጥር ወገብ እንያያዛለን። እሳቸው ግን ቀኝ ትከሻቸውን ብቻ እንደ ጋሻ አስቀድመው ይመጣሉ። በወንድማቸው ልጅ ሠርግ ላይ ሰው ሁሉ እስክስታ ሲወርድ እሳቸው ከአንገት በላይ ብቻ ጨፈሩ። ክንድ ከተነሣ ጃኬት ይነሣል፣ ጃኬት ከተነሣ የሕጉ ነገር ይበላሻል።

አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "ይሄንን ማን ያውቀዋል?" ይላሉ። ስጋ አቅራቢውን ጠርጥረዋል። የመብራት ቆጣሪ የሚያነበውን ጠርጥረዋል። ሶልያና አስተናጋጅ ሆና የተቀጠረች ሰሞን ደግሞ ልጅቷን አስቁመው የማን ዘመድ እንደሆነች፣ ማን እንዳመጣት፣ ስልክ ለምን እንደምታበዛ ጠየቋት። ሶልያና በትሕትና መልሳ ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች።

እኔ ደግሞ እሳቸውን እጠረጥር ነበር። ሁሉን የሚጠራጠር ሰውና ሽጉጥ ጭድና ክብሪት ናቸው፤ አንድ ወገብ ላይ ማደራቸው አያስተማምንም። ይልቁንም አምላኩ ሞቅ ያለው ቀን። አምላኩ ከእኔ አጠገብ ያለው ሱቅ ባለቤት ነው፤ ሲጠጣ ፍቅሩ ይበዛል። አንድ ቀን በጨዋታ ከኋላቸው መጥቶ በሁለት እጁ ወገባቸውን እቅፍ አደረጋቸው። ጋሽ ሀቢሶ አልዞሩም።

"አምላኩ" አሉ ዝግ ብለው፣ "እጅህን ቀስ አድርገህ አንሣ።"

አምላኩ እጁን ቀስ አድርጎ አነሣ፤ ስካሩም አብሮ ተነሣለት።

የዚህን ሁሉ ሥር የነገረችኝ ኤርጎጌ ናት። ጋሽ ሀቢሶ ቀድሞ ከከተማው ወጣ ባለው ጻካኔ ሰፈር ውስጥ ከአንድ የአገራቸው ልጅ ጋር ሽርክ ሆነው ሱቅ ነበራቸው። ዘራፊዎች መጡ። ሽርካቸው እዚያው ወደቀ፤ ጋሽ ሀቢሶ ባዶ እጃቸውን አጠገቡ ቆመው ነበር። እሳቸው ይህን አንሥተውልኝ አያውቁም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ሞልቶ ሳለ ሁለት ወጣቶች ገቡ። ጋሽ ሀቢሶ "እነዚህን ማን ያውቃቸዋል?" አሉ። ሁልጊዜ የሚሉት ስለሆነ ማንም ዞር አላለም። ዞር ያልነው በሩ ከውስጥ ሲቆለፍ ነው።

አንደኛው በሩ አጠገብ ሶልያናን ከነትሪዋ አንቆ ከፊቱ አቆማት። ሽጉጡን ጆሮዋ ሥር ደግኗል። ሁለተኛው በአንድ እጁ ሽጉጥ፣ በሌላው ፌስታል ይዞ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ስልክና ቦርሳ ይሰበስብ ጀመር። አንዳንዱን ብድግ አድርጎ ይፈትሻል።

አለቀልን፣ አሁን ያወጡታል ብዬ የጋሽ ሀቢሶን እጅ አየሁ። ሁለቱም መዳፎቻቸው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተዋል።

"አትንቀሳቀስ" አሉኝ ከንፈራቸውን ሳያላውሱ። "ልጅቷን እያት።"

የባሰው ነገር የገባኝ ያኔ ነው። ያ ፌስታል የያዘው ልጅ ፈትሾ ካገኘባቸው ላይሰንስ አለህ ወይ ብሎ አይጠይቃቸውም። እሳቸውም ይህን ያውቃሉ። ላቡ ከግንባራቸው በአገጫቸው ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ጠብ ጠብ ይላል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

ልጁ እኛ ጋ ደረሰ። ስልኬን ሰጠሁት። ጋሽ ሀቢሶም የእሳቸውን በአንድ ጣት ገፋ አደረጉለት። ልጁ ጃኬታቸውን አየና ክፈተው ብሎ በአፈሙዙ ጠቆማቸው።

"ምዬኬ!" የሚል ድምፅ ከባንኮኒው መጣ። ተወው ማለት ነው። ኤርጎጌ አሌክሳንድራ ሰፈር ዞራ በምትሸጥበት ዘመን የለመደችውን ዙሉኛ ታወርደው ጀመር። "ኡያጉላ! ኡያጉላ ሎ ባባ! ቲቢ!" እኚህ አባት ታመዋል እያለችው ነው።

ጋሽ ሀቢሶ ሳሉ። እንዲህ ያለ ሳል ከሰው ደረት ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ልጁ አፉን በክንዱ ሸፍኖ ወደ ኋላ ሸሸ፣ የሚቀጥሉትን ሁለት ጠረጴዛዎችም ዘለለ። ጓደኛውን ጠራው። ሶልያናን ወደ እኛ ገፍትረው ወጡ።

ትንፋሻችን ሲመለስ መጀመሪያ የተናገረው አምላኩ ነው። "ጋሼ፣ ታዲያ ያ ሽጉጥ ለመቼ ኖሯል?"

አንዳንዱ ሰው ሳቀ፤ ከድንጋጤ የሚመጣ ሳቅ ነው። ጋሽ ሀቢሶ ስቶኒውን ሊያነሡ ሞከሩ። ጠርሙሱ ከጥርሳቸው ጋር ተጋጨ፣ መልሰው አስቀመጡት።

"የልጅቷ ጭንቅላት ከፊቱ ነበር" አሉ። ተነሥተው ሄዱ፤ ከዚያ በኋላም ጠፉ።

ሲጠፉ ምሳችን ወግ አጣ። በር በተከፈተ ቁጥር ሁላችንም ቀና እንላለን፤ ማንን ማን እንደሚያውቅ የሚጠይቀን የለም። አምላኩ ሱቃቸው ድረስ ሄዶ ይቅርታ ጠየቃቸው። በሩን ከመክፈታቸው በፊት ብቻውን መምጣቱን ሦስቴ አረጋገጡ አለ።

ከሳምንታት በኋላ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ብቅ አሉ። ተቀመጡ፣ በሩን አዩ፣ ከዚያም ኤርጎጌን ጠሯት።

"አንቺ፣ ቲቢ ማለት ምን አስፈለገሽ?"

"በዙሉኛ የመጣልኝ በሽታ እሱ ብቻ ነው፣ ጋሼ።"

"ስኳር ብትይ ምን ነበረበት? የፎቁ ሰው ወሬውን በግማሽ ሰምቶ ከእኔ ጋር በአንድ ትሪ አልበላም ብሏል።"

እኔ ከጥብሱ ጥሩ ጥሩውን መርጬ በእንጀራ ጠቀለልኩና ዘረጋሁላቸው። ጋሽ ሀቢሶ ጉርሻውን አላዩትም፤ እጄን አገላብጠው አዩት።

"ታጥበሃል?"

"ታጥቤያለሁ።"

"ማን አየህ?"

ሶልያና ብርጭቆ እየወለወለች ቀና አለች። "እኔ አይቼዋለሁ፣ ጋሼ" አለች።

ጋሽ ሀቢሶ ወደ እሷ አየት አደረጉና አፋቸውን ከፈቱ።