ኤሊዎቹን ያስወጣሁ ዕለት

በር ቆልፋችሁ ትመለሳላችሁ? እኔ እመለሳለሁ። ላንድማርክ የሚባል ሰፈር ካለው አፓርታማዬ ወርጄ መኪናዬ ጋ ከደረስኩ በኋላ፣ «ቆልፌው ይሆን?» ብዬ ሦስተኛ ፎቅ እወጣለሁ። ሁሌም ተቆልፏል። እንዲህ ያለ ሰው ምን ሥራ ያገኛል? የሌላውን ስህተት መፈለግ!

ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ አንዲት ትንሽ ቢሮ ውስጥ የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት ሪቪው አደርጋለሁ። ፋብሪካ ከመሠራቱ በፊት ውሃውንና ሰውን ምን ያደርጋል ብሎ የሚጠይቅ ጥናት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደማለት። አገራችንም ሕጉን አውጥታለች፤ አንብቤዋለሁ፣ የሚያምር ሕግ ነው።

ባለፈው ከአገር ቤት የአንድ ጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ጥናት መጣልኝ። ከፋብሪካው በታች ያለው መንደር የሚጠጣው ከወንዙ ነው። እኔ ካልፈረምኩ ፋብሪካው ሥራ አይጀምርም ይላል ውሉ። እንቅልፍ አጣሁ። ገጽ ሰማንያ ላይ ስደርስ፣ «በግንባታው ወቅት የባሕር ኤሊዎች እንቁላል እንዳይረገጥ ጥንቃቄ ይደረጋል» ይላል። ተነሥቼ ካርታ አየሁ። ባሕር የለንም አይደል? መጀመሪያ የተጠራጠርኩት ራሴን ነው።

ጥናቱን ያዘጋጁት ጋሽ መኮንን የሚባሉ አዛውንት ናቸው። ኮል አደረግኳቸው።

«ጋሽ መኮንን፣ ኤሊዎቹ ከየት መጡ?»

ሳቁ። «ከሌላ አገር ጥናት ነው፣ ልጄ። ስንገለብጥ አብረው ተሳፈሩ።»

«የወንዙን ውሃ ጥራትስ ለክተውታል?»

«በምን መኪና ሄጄ? በምን መሣሪያ? ደግሞ ጥናት አምጡ የተባልነው ግንቡ ካለቀ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! አንተ ግን ዓይንህ አይጣል ነው።»

በስልክ የተሰማ ነገር ማስረጃ ይሆናል? የሽማግሌ እንጀራስ ይዘጋል? ፈራሁ። በዓይኔ ያየሁትን ብቻ ጻፍኩ፦ «ገጽ ሰማንያ፣ ኤሊዎች። ይስተካከል።»

በሁለተኛው ቀን ተስተካክሎ መጣ። ኤሊ የለም። ያልተለካው የወንዝ ውሃ የጥራት ቁጥር ግን ከነነጥቡ እንዳለ ነው። አለቃዬ አገላበጠና፣ «አሁን ንጹሕ ሆነ፤ ፈርም» አለኝ። ደነገጥኩ። ማንም እዚያ እንዳልሄደ የሚመሰክሩት ኤሊዎቹ ብቻ ነበሩ፤ እነሱን ደግሞ በገዛ እጄ አባረርኩ።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እምቢ አልኩ። «ውሃው ሳይለካ አልፈርምም» ብዬ ጻፍኩ፤ አሥር ጊዜ አነበብኩት፤ ከዚያ ላክሁት።

ከፋብሪካው መልስ የመጣው በማግስቱ ነው። በጣም ትሑት ደብዳቤ ነበር። ፋብሪካው ሥራ ከጀመረ ወር አልፎታል፤ የእርስዎ ፊርማ የሚፈለገው ፋይሉን ለመዝጋት ብቻ ነውና፣ እባክዎ አይጨነቁ ይላል።