በድረ ገጽ ላይ የተገኙት አሥራ አንድ በሬዎች

በልማት መረጃ ድረ ገጹ መሠረት ጓሳ ሜዳ ቀበሌ 1,140 አባወራና 11 በሬ አለው።

ጥር 6 ቀን 2007 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3፡20፣ ስማዳ ወረዳ፣ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት።

የተገኙ አባላት፦ አቶ ታፈረ (ሰብሳቢ)፣ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ (የአገር ሽማግሌ)፣ ወይዘሮ አስካለ (የሴቶች ተወካይ)፣ አዳነ (ጸሐፊ)። የግብርና ባለሙያዋ እድላዊት ላፕቶፕ ይዛ ተጋብዛለች። ከሰባት አባላት አራት ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። መሪጌታ ሰው መቁጠር መቅሰፍት ያመጣል ብለው፣ ተገኝተው ሳይቆጠሩ እንዲቀመጡ ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸው።

አጀንዳ 1፦ የወፍጮ ጥያቄ

እድላዊት እንዳስረዳችው፣ ዘንድሮ ወፍጮ የሚተከልበትን ቀበሌ የሚመርጠው ድረ ገጹ ነው። እሱም በሬ ከሌለ እርሻ የለም፣ እርሻ ከሌለ የሚፈጭ የለም ብሏል። በምትኩ ቀበሌው በቱሪዝም እንዲያድግ መክሯል። ወይዘሮ አስካለ በር ላይ ያስቀመጡትን የገብስ ስልቻ አሳይተው፣ ወገዳ ወፍጮ ቤት ደርሶ መልስ ስድስት ሰዓት እንደሚፈጅ ገለጹ። «ቱሪስቱ ይሸከምልኛል?» ሲሉም ጠየቁ።

ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ተጣራ። አምና ቆጣሪዎች ሲመጡ ነዋሪው ሁሉ ዓይን ፈርቶ «ምን በሬ አለኝ፣ የእግዜር ነው እንጂ» ማለቱ ታወቀ። አሥራ አንዱ በሬዎች በዚያ ቀን በመንገድ ያልፍ የነበረ የከብት ነጋዴ ሲነዳቸው የተቆጠሩ ናቸው።

አጀንዳ 2፦ እርማት

እያንዳንዱ የራሱን እንዲናገር ተጠየቀ። ወይዘሮ አስካለ «ሁለት በሬ አለኝ፤ ቦራና ዳልቻ። ጻፍ!» አሉ። ተጻፈ። ሌላ ተናጋሪ አልተገኘም።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሰው የጎረቤቱን እንዲያስቆጥር ተወሰነ። መሪጌታ ሰብሳቢው አርባ በሬ እንዳላቸው መሰከሩ። ሰብሳቢው በበኩላቸው የመሪጌታን ስልሳ አደረሱና «የኔታ፣ ከደብሩ ጀርባ የሚግጠው መላእክት ነው እንዴ?» አሉ። እድላዊት የሦስቱን ቤት አስገባች፤ ድረ ገጹ ለመላው ቀበሌ አባዝቶ 38,760 በሬ አወጣ። ግጦሽ ስለማይበቃም ነዋሪው ሌላ አገር እንዲፈልግ መከረ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

መሪጌታ እርሳቸው ስላልተቆጠሩ ጉባኤው ሦስት ሰው ብቻ እንደነበረው አስታወሱ። ምልዓተ ጉባኤ ስላልነበረ የተወሰነው ሁሉ፣ የወይዘሮ አስካለ ሁለት በሬዎችም ጭምር፣ እንዲሰረዝ መሪጌታን ጨምሮ በሦስት ድምፅ ጸደቀ። ወይዘሮ አስካለ «እናንተ ፍሩ፤ እኔ ያረሱልኝን አልክድም» ብለው ተቃወሙ፤ የወገዳው ወፍጮ ሳይዘጋባቸውም ስልቻቸውን አዝለው ወጡ።

ስብሰባው 6፡40 ላይ ተበተነ። እድላዊት ያስገባችውን ስለሰረዘች በመዝገቡ ያሉት በሬዎች እንደገና አሥራ አንድ ናቸው። ድረ ገጹ የወፍጮውን ቦታ ዓርብ ጥር 15 ያሳውቃል።