እንግዳ የማያስከፋው አስተርጓሚ

እንግዳ እንዳይከፋው ብሎ የሰው ቃል የሚያለሰልስ አስተርጓሚ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ነኝ።

ጡረታ የወጡ ሚስዮናውያን ባልና ሚስት ከባሕር ማዶ መጥተው፣ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ያለችውን ትንሿን ጸሎት ቤታችንን ጎበኙ። «ምን እናግዛችሁ?» አሉ።

ሽማግሌያችን ጋሽ አለኸኝ በአዊኛ መለሱ፦ «መቀበሪያ መሬት የለንም። ሃይማኖት ቀይራችኋል ብለው ከመቃብሩ ከልክለውናል። ይህን ንገርልኝ።»

ገና ለመጣ እንግዳ የመቃብር ወሬ ይነገራል? ያውም ለአረጋዊ? «መቀመጫ ቢኖረን ይላሉ» ብዬ አስተረጎምኩ።

«ነገርክልኝ?» አሉኝ ጋሽ አለኸኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

ሴትዮዋ ወዲያው ቦርሳቸውን ከፍተው ሃያ የፕላስቲክ ወንበር ገዙልን።

ሐምሌ ላይ ጋሽ አለኸኝ ሞቱ። ለቀስተኛው ሁሉ ወንበር ነበረው። ቦታ ያጡት እሳቸው ብቻ ነበሩ።