አንድ በሬና ሁለት ብርሃን

በቤተሰብዎ ውስጥ «ለምን ይበጃል?» የሚል ሰው አለ? ካለ ይረዱኛል፤ እኔ አጎቴ አያ አለሙ አሉኝ። ቡሬ ላይ አስፋልት ሲነጠፍ ጠይቀዋል፤ እኔ ሚስት ሳገባም ጠይቀዋል።

አንድ እሑድ ሰንበቴ ላይ የእህቴ ልጅ ሰናይት አንዲት የስኳር ቅንጣት የምታህል ክሪስታል ይዛ መጣች። የምታጠናው ከቀለም የሚሠሩ፣ ብርሃን ሲነካቸው የሚያበሩ ክሪስታሎችን ነው። ሦስተኛ ዲግሪዋን ልትቀጥል የአጎቴን ምርቃት ፈልጋለች።

«ለዓይን በማይታይ ብርሃን እንመታታለን» አለች። «አንድ የብርሃን ቅንጣት ብቻውን ሲመጣ አትነቃም። ሁለት እኩል ሲደርሱባት ግን ታበራለች።»

«ለምን ይበጃል?» አሉ አጎቴ።

ሰናይትም እንደ ተማረ ሰው የማይገባ ነገር ደረደረች። ቄሱ ሳይቀሩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ስለገባቸው እንዳይመስልዎ።

አጎቴ ወደ እኔ ዞሩ። «እስቲ አንድ አንድ በሬ ያለን ጎረቤታሞች በመቀናጆ፣ በሬ አጣምረን ስናርስ፣ የእኔ በሬ ብቻውን ምን ያህል ያርሳል?»

«ግማሹን ነዋ» አልኩ፣ እኔ የሒሳብ መምህሩ።

«ምንም አያርስም። የጎረቤቴ በሬ አብሮት ሲጠመድ ነው እርሻ የሚባለው። የልጅቱም ነገር ይኸው ነው።»

ሰናይት ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። እሳቸውም ቆመው መረቋት።

በሳምንቱ ፍኖተ ሰላም ገበያ ላይ አንድ ዘመዳችን የሰናይትን ትምህርት ሰምቶ «ለምን ይበጃል?» አላቸው።

አጎቴ ከላይ እስከ ታች አዩት። «እሱን ብናውቅማ ልጅቱን ምን ብለን እናስተምራት ነበር?»