የአማቴ ጆሮና የእኔ ንጹሕ ድምፅ

ደህና የሚሠራ ዕቃ እጁ ሲገባ ሰላም የሚያጣ ሰው አለ። የተበላሸ ዕቃ ያለው ሰው ቢጨነቅ አይገርምም፤ ወይ ያሠራዋል ወይ ይጥለዋል፣ በዚያም በዚህም ነገሩ ያልቃል። ማለቂያ የሌለው የጤነኛ ዕቃ ጣጣ ነው። ጤነኛ ዕቃ መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ «ከዚህም ልሻል እችል ነበር እኮ» የሚል ይመስላል። እኛ ሰፈር አንድ ባለ ባጃጅ አለ፤ ምንም ያልነበረበትን ክላክስ ሲያሻሽል ሲያሻሽል ቆይቶ፣ ዛሬ መሪውን ወደ ግራ ባዞረ ቁጥር ክላክሱ ራሱ ይጮኻል። ወደ ግራ ሳይታጠፉ ደግሞ ሀዋሳ ውስጥ የትም መድረስ አይቻልም። ድሮ እስቅበት ነበር። አሁን ቆም ብዬ ሰላም እለዋለሁ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬ ፋይል ማውጣትና ፋይል መመለስ ነው፤ ስለ ድምፅ ጥራት ለመናገር የሚያበቃኝ አንድም ማስረጃ የለኝም። ነገሩ የጀመረው አባባ ዳንጊሶ፣ የባለቤቴ የማርታ አባት፣ ከቡሹሎ መጥተው እኛ ጋ መኖር ሲጀምሩ ነው። ባለቤታቸው እማማ ራሔል ካረፉ በኋላ ብቻቸውን መተው አልሆነልንም። አባባ ዕድሜ ልካቸውን የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ሲመሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እማማ ራሔልም ከእነዚያው መዘምራን አንዷ ነበሩ። ከመዝሙሮቻቸው አንዱ በካሴት ተቀድቶ ቀርቷል። በሲዳሙ አፎ፣ ማለትም በሲዳማ ቋንቋ ነው፤ እኔ ወላጆቼ ለማስተማር ከሰሜን መጥተው እዚህ የወለዱኝ ስለሆንኩ ግማሹ ብቻ ነው የሚገባኝ። መሐል ላይ ሁሉም ዝም ይሉና እማማ ራሔል ብቻቸውን ይገባሉ። ከድምፃቸው በዚህ ምድር ላይ የቀረው ይኼ ብቻ ነው።

ማርታ ካሴቱን መሐል ከተማ ወስዳ አስገልብጣ ስልኬ ላይ አስጫነችው። የስልክ ድምፅ ለአባባ አልበቃ ሲል፣ እኔ አንዲት ርካሽ ሳጥን ገዛሁ። የሳሙና ማስቀመጫ ታክላለች። ስልኬ ላይ ያለውን መዝሙር በዋይፋይ እየተቀበለች ቤት ለነበረው አሮጌ አምፕሊፋየር ትሰጣለች፤ አምፕሊፋየሩ ደግሞ ለሁለት ስፒከሮች። የመጀመሪያው ቀን አባባን በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ወንበራቸው ላይ አስቀምጠን ከፈትነው። ማርታ ቀጭኑን ድምፅ የሚያጎላውን የአምፕሊፋየሩን የትሬብል ቁልፍ እስከ ጥጉ አዙራው ስለነበር፣ ድምፁ እውነቱን ለመናገር ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ነበር። አባባ ግን እጃቸውን አንሥተው መምራት ጀመሩ። እማማ ራሔል ብቻቸውን ሲገቡ «ይኸውላችሁ፣ እሷ ናት» አሉ፤ እንባቸው መጣ። የእኔም መጣ።

እዚህ ላይ ብተወው ኖሮ እናንተም ይህን አታነቡም ነበር።

በማግሥቱ ለመስፍን ነገርኩት። መስፍን የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ሁላችንም «ኢንጂነር» እንለዋለን፣ የተማረው ግን የእንስሳት እርባታ ነው። ስለ ድምፅ የሚጨነቁ ሰዎች የተሰበሰቡበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አስገባኝ። እዚያ ግሩፕ ውስጥ ስለ ዘፈን ወይም ስለ መዝሙር የሚያወራ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። የሚወራው ስለ ገመድ ነው። አንዱ ገመድ «አየር አለው» ይባላል፣ ሌላው «ይደርቃል»፣ የአንዱ ቤዝ፣ ወፍራሙ ድምፅ፣ ደግሞ ቅቤ የጠጣ ነው። እኔ መጀመሪያ ምንም አልገባኝም ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት እኔም «ይደርቃል» እል ጀመር።

መስፍን ቤት ድረስ መጣና ቆሞ አዳመጠ። በሽተኛው ተስፋ እንደሌለው ያወቀ ሐኪም መስሎ ራሱን ነቀነቀ። ትልቁ ችግር መብራቱ ነው አለ፤ ሳጥኗ ከቻርጀሯ የምትቀበለው መብራት ቆሻሻ ነው። ቻርጀሩን ነቅዬ፣ መብራት የሚያጣራ ጡብ የሚያህል ዕቃ እንድገዛ አዘዘኝ። ማርታ ይህን ሰምታ፣ «መብራቱ መጀመሪያ ይምጣ፤ ንጽሕናው ቀስ ብሎ ይደርሳል» አለች። እሷ ስለ ድምፅ ምን ታውቃለች ብዬ ገዛሁ። እሷ መዘምራን መካከል ያደገች፣ እኔ መዝገብ መካከል።

ቀጥሎ ገመድ መጣ፤ በሬ የሚያስር ወፍራም ገመድ። ቀጥሎ መንገድ ላይ የሚያልፉ ባጃጆች እንዳያንቀጠቅጧት ከሳጥኗ ሥር አራት የጠርሙስ ቡሽ ተደረገ። ከዚያ ዋናዋ መጣች፣ ሁለተኛ ሳጥን። የዚህችኛዋ ሥራ ከመጀመሪያዋ የሚመጣውን ድምፅ ተቀብሎ ማለስለስ ነው። በዚያው ቀን መስፍን ማርታ እስከ ጥጉ ያዞረችውን የትሬብል ቁልፍ ወደ መሐል መልሶ፣ ቀጭን ድምፅን ማጋነን ነውር መሆኑን አስረዳኝ። ቆርቆሮው ጠፋ። የካሴቱ ሽሽ የሚል ድምፅም ጠፋ። ድምፁ እርጎ ሆነ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። በግሩፑ ሕግ መሠረት፣ ድምፅ በትክክል የሚሰማው ከአንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ሜትር ይዤ ለካሁ። ቦታው ከአባባ ወንበር ጀርባ ሆነ፤ ወንበራቸውም የድምፁን መንገድ ዘግቶ ተገኘ። ስለዚህ አባባን ወደ መስኮቱ ጥግ አዛወርኳቸው። በለካሁት ቦታ ላይ ማን እንደተቀመጠ አትጠይቁኝ።

ከእያንዳንዱ ማሻሻያ በኋላ አባባን እንዴት እንደሆነ እጠይቃቸዋለሁ። እሳቸውም «ግሩም ነው፣ ተባረክ ልጄ» ይሉኛል። ገመዱ ግሩም ነበር፣ ቡሹ ግሩም ነበር፣ ሁለተኛዋ ሳጥን ደግሞ እጅግ ግሩም። ይህን እየሰበሰብኩ ግሩፑ ላይ እለጥፍ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ መዘምራን የመራ ጆሮ መሰከረልኝ እያልኩ። ሰውም እጅ አንሥቶ ያደንቀኝ ነበር፤ አንዳንዱማ አባባን ለዕቃው ምርመራ እንዳመጣለት ለመነኝ።

እናንተ ይኼኔ ታዝባችሁኛል። እንግዳውን ማዕድ ላይ አስቀምጦ «ወጡ ጨው በዛበት እንዴ?» የሚል ሰው መልሱን ፈልጎ አይደለም። እንግዳውም ያውቃል፤ ምላሱ እየተቃጠለ «ኧረ ልክ ነው» ይላል። እኛ አገር ይሉኝታ ከሥጋ ዝምድና ይጠብቃል፣ በአማትና በአማች መካከል ሲሆን ደግሞ ይብሳል። በልጃቸው ቤት፣ በአማቻቸው ወንበር ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ፣ ገመድ ይዞ ወለል ላይ ለተንበረከከ ሰው ምን እንዲሉት ጠብቄ ነበር? ይህን ያኔ አላሰብኩትም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ማርታ ወደ መዘምራን ልምምድ ሄደች። እኔ መዝሙሩን እየተደጋገመ እንዲሄድ ለአባባ ከፍቼላቸው፣ ዓሣ ልገዛ ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ወረድኩ። እዚያ ገብቶ ቶሎ መውጣት የለም፤ ዓሣው እስኪበለት ወሬውም ይበለታል፣ ሁለት ሰዓት ያህል ሄደ። ስመለስ ቤቱ ጭጭ ብሏል። በመስኮት አየሁ። አባባ ጥጋቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በሁለት እጃቸው ይመራሉ። እዚህ ከፍ፣ እዚያ ዝቅ፣ አንዱን ወገን ቆይ፣ ሌላውን ና።

ጆሮዬን አቀናሁ፤ ምንም የለም። መብራት ጠፍቶ ይሆናል ብዬ ሳጥኖቹን አየሁ፤ ሁለቱም በርተዋል። ኪሴን ስዳስስ ነገሩ ገባኝ። መዝሙሩ ያለው ስልኬ ላይ ነው፤ ስልኬ ደግሞ ከእኔ ጋር ዓሣ ሲገዛ ነው የዋለው። ከግቢው በር ከወጣሁ ጀምሮ እቤት ውስጥ አንድም ድምፅ አልተሰማም። ገባሁና ከልማድ የተነሣ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እንዴት ነው አባባ አልኳቸው። ዓይናቸውን ገልጠው ፈገግ አሉ።

«የዛሬውስ ከሁሉም ይበልጣል» አሉ።

ዕድሜ ለኢንጂነር፤ ድምፁን እያጠራን እያጠራን ሙልጭ አድርገን አጥርተነዋል። ዓሣውን እንዳንጠለጠልኩ ቆምኩ። መሳቅ አማረኝ፣ ወዲያው ደግሞ በጣም አፈርኩ፤ እኚህ ሰው ስንት ቀን እንዲህ እንደተቀመጡ አላውቅም ነበር።

ማርታ ስትመጣ ጓዳ ወስጄ ነገርኳት። አልደነቃትም። ሁለተኛዋ ሳጥን ከመጣች ጀምሮ አባቷ የሚሰሙት ጉምጉምታ ብቻ እንደሆነ፣ እናቷ ስትገባ ደግሞ ጭራሽ ምንም እንደማይሰማቸው ነገረችኝ። በዕድሜ የደከመ ጆሮ መጀመሪያ የሚጥለው ቀጭኑን ድምፅ ነውና፣ ትሬብሉን እስከ ጥጉ ያዞረችው ለዚህ ኖሯል። «ልጁ ደክሞበታል፣ እንዳትነግሪው» ብለው ቃል አስገብተዋታል። ለካ የእኛ ቤት ሰው ሁሉ ያውቃል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለአባባ መስሎኝ ነበር፤ ለእኔ ነው።

ከምሳ በኋላ አባባ አጠገብ ተቀመጥኩና እንዳይታዘቡኝ ሳልፈራ ጠየቅኳቸው፤ እውነቱን ይንገሩኝ፣ እማማን ይሰሟቸዋል ወይ? መጀመሪያ ስለ እኔ ድካም ተናገሩ፣ ስለ ቤታችን መልካምነት ተናገሩ፣ ስለ ዓሣው ሳይቀር ተናገሩ። ቆይተው ግን እጄን ያዙ።

«መዝሙሩንስ በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ሳልሰማውም እመራዋለሁ» አሉ። «የእሷን ድምፅ ግን በቃል መያዝ አልቻልኩም ልጄ። ሳልሰማት ስሰነብት እየጠፋችብኝ ነው።»

እኔ የመብራት ቆሻሻ ሳጣራ የሰነበትኩት እማማ ራሔልን አብሬ እያጣራሁ ኖሯል። ተነሣሁና መፍታት ጀመርኩ። ጡቡን ነቀልኩ፣ በሬ ማሰሪያውን ፈታሁ፣ ሁለተኛዋን ሳጥን ካርቶኗ ውስጥ ከተትኳት። የድሮውን ቻርጀር ማርታ ለሌላ ነገር ትጠቀምበት ኖሮ ከጓዳ አምጥታ ሰጠችኝ። ወንበራቸውን በሁለቱ ስፒከሮች መካከል መለስኩ፤ እንዲያውም ከድሮው ይበልጥ አስጠጋሁት። ትሬብሉን እስከ ጥጉ አዞርኩ። መሐል ላይ መስፍን ደወለና የማደርገውን ስነግረው፣ ድምፁን ገደልከው አለኝ። ያን ሁሉ የደከምንበትን ነገር ለአንድ ሰው ብዬ እንዳላበላሽ ለመነኝ። ሲመቸኝ እደውልልሃለሁ ብዬ ዘጋሁት፤ እስካሁን አልተመቸኝም።

መዝሙሩን ከፈትኩ። ያ በረዶ እንደገና ቆርቆሮው ላይ ወረደ፣ የካሴቱ ሽሽ የሚል ድምፅም ተመለሰ፣ የጎረቤት ውሻ ጮኸ። ማርታ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጥታ ከአባቷ ወንበር አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አባባ እጃቸውን አነሡ። ወንዶቹ ገቡ፣ ሴቶቹ ገቡ፣ ሁሉም ዝም አሉ፣ እማማ ራሔል ብቻቸውን ገቡ። የአባባ እጅ አየር ላይ ቀረ፤ ግንባራቸው ተቋጠረ። አሁንም አልተሰማቸውም አልኩ።

«ቀደመች» አሉ።

ማን እንደቀደመች ማርታ ጠየቀቻቸው።

«እናትሽ ናታ። እጄ ሳይወርድ ትገባለች። ያኔም በየልምምዱ ነግሬያታለሁ።»

እኚህ ሰው ቤታችን ከገቡ ጀምሮ ቅር ያላቸውን ነገር ሲናገሩ ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ቅሬታ እንደዚያ ጣፍጦኝ አያውቅም። መዝሙሩ አለቀ። አባባ ወንበራቸው ላይ ተስተካክለው ተቀመጡና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«እስቲ ከመጀመሪያው አድርገው» አሉኝ። «አሁን እጄን ቀደም አድርጌ አወርድላታለሁ።»