ወንበር ገልብጠው የሚያዩት ሰው

ወንበር ገልብጦ የሚያይ አንድ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት በዚህ ዓለም ላይ የለም፤ ካለም ገና አልተከፈተም። እንግዳ ለመጨበጥ ብድግ ትላላችሁ፤ ጨብጣችሁ ስትመለሱ ወንበራችሁ አራት እግሩን ወደ ጣሪያው ሰቅሎ ይጠብቃችኋል። አጠገቡ አንድ የተከበሩ ሰው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ የወንበሩን ሆድ ያነብባሉ። እኒህ ሰው የንብረት ምዝገባ ኃላፊ ይባላሉ። ለምን እንደ ተንበረከኩ ብትጠይቋቸው፣ ጥፋተኛው እናንተ ሆናችሁ ታርፋላችሁ።

የእኛ ሆስፒታል ወንበር ገልባጭ "ጋሽ እንየው" ይባሉ ነበር። ስሙን እናታቸው አላወጡላቸውም። ለማንኛውም ጥያቄ መልሳቸው አንድ ስለ ነበረ የወጣላቸው ነው፤ "ሄደን እንየው።" መጋዘን ውስጥ ስንት አልጋ አለ? "ሄደን እንየው።" ዝናቡ አባራ እንዴ? መስኮቱ አፍንጫቸው ሥር እያለ "ሄደን እንየው" ብለው በር ድረስ ይወጣሉ። አዳዲስ ነርሶች እውነተኛ ስማቸው እየመሰላቸው የአባታቸውን ስም ይጠይቋቸው ነበር።

ከእሳቸው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጫለሁ። ክፍላችን በረጅሙ ኮሪደር መጨረሻ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ስለ ነበረች ግድግዳዋ ክረምት ከበጋ ያልባታል። እኔ በኮምፒውተር፣ እሳቸው በደብተር እንሠራ ነበር። የደብተራቸው ገጽ በማስመሪያ አራት ቦታ ተከፍሏል፤ ቁጥሩ፣ ዕቃው፣ ያለበት ክፍል፣ የታየበት ቀን። አራተኛው ቦታ ካልተሞላ፣ ሦስቱ ለእሳቸው ወሬ ናቸው።

ነገሩን ያወሳሰበው የሆስፒታላችን ታሪክ ነው። ድሮ ግቢው ውስጥ ሁለት መሥሪያ ቤቶች ነበሩ፤ በአጥር ወዲያ የእናቶች ክሊኒክ፣ በአጥር ወዲህ ጠቅላላ ሆስፒታሉ። ሁለቱም ንብረታቸውን ከቁጥር አንድ ጀምረው ቆጥረዋል። አጥሩ ፈርሶ አንድ ሲሆኑ ቁጥር አሥራ ሁለት አልጋም ሆነ፣ ቁም ሣጥንም ሆነ። ለብዙ ዓመት ማንም ልብ አላለውም፤ አልጋው ላይ ተኛንበት፣ ቁም ሣጥኑን ቆለፍነው። በኋላ የንብረት መከታተያ ሶፍትዌር የሚሉት መጣ። ሶፍትዌር የሰው ትዕግሥት የለውም። አንዱን ቁጥር ሁለት ቦታ ሲያገኘው በቀይ ይጮኻል፤ "ተደጋጋሚ መለያ።" በመጀመሪያው ማለዳ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ጮኸብን።

እኔ ራሴን ያዝኩ። ክቡርነታቸው ጋሽ እንየው ግን ሠርግ እንደ ተጠራ ሰው ኮታቸውን አራገፉ።

"አየህ! ከሁለቱ አንዱ ውሸታም ነው። የትኛው እንደሆነ ሄደን እንየው።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሆስፒታሉ ሰላም ጠፋ። የሥራ አመራር ስብሰባ መሐል ገብተው፣ "ይቅርታ ክቡር ዳይሬክተር፣ የተቀመጡበት ወንበር አከራካሪ ነው" ብለው ሰውየውን አስነሡ። ዳይሬክተሩም የዓመቱን ዕቅድ ቆመው አነበቡ። ሌላ ጊዜ ሁለት የግድግዳ ሰዓቶች አንድ ቁጥር ይዘው ተገኙ፤ አንዱ ማዋለጃ ክፍል፣ አንዱ ሬሳ ክፍል። ጋሽ እንየው ሁለቱንም አስወርደው፣ ጠረጴዛችን ላይ እንደ ተካሳሾች ፊት ለፊት አገናኟቸው። የሬሳ ክፍሉ ልክ ሆኖ ተገኘ። የማዋለጃው ሃያ ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቷል።

"እንግዲህ የዚህ አገር ልጅ ሁሉ ከተጻፈለት ሰዓት ሃያ ደቂቃ ዘግይቶ ተወልዷል ማለት ነው" አሉ፤ ሳይስቁ።

ከቢሮ ሲወጡ ያርፋሉ ያላችሁ እንደሆነ ተሳስታችኋል። የአንዲት ባልደረባችን እናት ሞተው ለቅሶ ቤት አብረን ተቀምጠን ነበር። ጋሽ እንየው ከልባቸው ያለቅሳሉ፤ እንባቸው እውነተኛ ነው። ግራ እጃቸው ግን ከተቀመጥንበት አግዳሚ ሥር ገብታ ትዳብሳለች። ካሥራ አምስት ዓመት በፊት ከተመላላሽ ክፍል የጠፋውን ቁጥር ሰማንያ ስምንትን በጣታቸው አነበቡት። ደግነቱ፣ አልቅሰው እስኪጨርሱ ድረስ ደብተር አላወጡም።

ከሁሉ ይበልጥ ጠባያቸው የሚገባቸው ስድስት ቁጥር ክፍል የተኙት ታካሚ፣ መምህሩ ነበሩ። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። ሳንባቸው ስለ ደከመ ከአየር ኦክስጅን ከምታጣራ ባለ ጎማ ማሽን ጋር በቀጭን ቱቦ ታስረው ይውላሉ። ጋሽ እንየው የራስጌ ሣጥናቸውን ሊገለብጡ በገቡ ቁጥር ያሾፉባቸዋል።

"እኔንም ገልብጠህ እየኝ እስቲ፤ ቁጥሬ ጀርባዬ ላይ ሳይሆን አይቀርም።"

"እርስዎ አይደገሙም፣ መምህር" ይላሉ ጋሽ እንየው፣ ከአልጋው ሥር።

አጠገባቸው የምትቀመጠው ልጃቸው ትስቅ ነበር። ያንን ሣቅ ሰምቼዋለሁ። ቢሮዬ ድረስ ይሰማል።

ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዱ ግጭት ሁለት ቁልፍ ሰጥቶናል። አንዱ "ለይ" ይላል፤ አዲስ ቁጥር፣ ክፍል፣ ፎቶግራፍ ይጠይቃል። ሌላው "አዋህድ" ይላል፤ እሱ ምንም አይጠይቅም። ሁለቱን መዝገብ አንድ ያደርግና የቅርቡን ቀን ይዞ የቆየውን ይሰርዛል። አንድ ዕቃ በስሕተት ሁለቴ ተመዝግቦ ከሆነ ትክክል ነው። ሁለት ዕቃ ከሆነ ግን አንዱ ከነነፍሱ ከመዝገብ ይጠፋል። ጋሽ እንየው በቀን ዘጠኝ ወይም አሥር ይለያሉ። እኔን ቢተዉኝ በሰዓት አርባ አዋህዳለሁ።

የአስተዳደር ኃላፊዋ በራችን ላይ ቆማ፣ "ሐሙስ ቀዩ ዜሮ ሆኖ ማየት እፈልጋለሁ" አለች። ያ ሳምንት የጋሽ እንየው እግር ያበጠበት ሳምንት ነበር። ሐኪሙ ከአልጋ እንዳይወርዱ አዘዛቸው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መቶ ሠላሳ ቀይ መስመር ፊቴ ተሰልፎ፣ ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሰባት ላይ ደረስኩ። ሁለት የኦክስጅን ማሽን። አንደኛዋ ስድስት ቁጥር ክፍል፣ የምርመራ ጊዜዋ ደርሷል። ሁለተኛዋ ምድር ቤት መጋዘን፣ ባለፈው ወር ተጠግና ተፈትሻለች። ስልክ ደወልኩላቸው።

"ጋሼ፣ ይቺ አንድ ማሽን ነች። ለጥገና ምድር ቤት ስትወርድ ደግመው መዝግበዋት ነው።"

"አየሃት?"

"መዝገቡ ላይ..."

"መዝገብማ እኔም ተኝቼ አየዋለሁ። ሄደህ አየህ ወይ?"

መስመሩ ላይ የሚስታቸው ድምፅ ይሰማል፤ "ሰውዬው ይተኛ እንጂ፣ በስልክ ደግሞ ሊገለብጥ ነው?" ስትል። እኔም ቀዩን መስመር እያየሁ፣ "አዎ፣ አይቻለሁ" አልኳቸው።

"እንግዲህ አንተ ካየህ እኔ እንዳየሁ ነው" አሉ። "በስሜ አስገባው።"

አዋህድ የሚለውን ተጫንኩ። አንድ ቀይ መስመር ጠፋ። ቀዩ ሐሙስ ዜሮ ሆነ፤ ኃላፊዋም አመሰገነችኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት የጥገና ባለሙያው ከሶፍትዌሩ የወጣ ዝርዝር ይዞ መጣ። የምርመራ ጊዜው የደረሰውን ማሽን ሁሉ ፈተሸ፤ አራት መቶ አሥራ ሰባት ዝርዝሩ ላይ አልነበረችም። በመዝገቡ ባለፈው ወር ተፈትሻለችና። በስድስት ቁጥር ክፍል በራፍ ላይ አልፎ ሄደ።

መምህሩ ከዚያ በኋላ ስምንት ቀን ቆዩ። አንድ ረፋድ ላይ፣ ልጃቸው ብርቱካን እየላጠችላቸው፣ ዐረፉ። የማሽኗ አረንጓዴ መብራት በርቶ ነበር፤ ድምፅዋም እንደ ወትሮው ነበር። የምታወጣው አየር ግን መስኮቱ ሲከፈት ከሚገባው ብዙም የሚሻል አልነበረም። ሐኪሞቹ ሳንባቸው ቀድሞም አልቆ ነበር፣ ምናልባት ደኅና ማሽንም ቢሆን ከወር አያሳልፋቸውም ነበር አሉ። ይህቺን "ምናልባት" የምትል ቃል እስከ ዛሬ አልለየኋትም፤ አላዋሃድኋትም።

ጋሽ እንየው በከዘራ እየተደገፉ መጡ። ለማንም ሳይናገሩ ማሽኗን ከስድስት ቁጥር ክፍል እየገፉ አወጧት፤ እኔን ደግሞ ምድር ቤት ላኩኝ። ሌላኛይቱን በዐሥራ ዘጠኝ ደረጃ ተሸክሜ አወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ጎን ለጎን አቆሟቸው፤ ከዘራቸውን ለእኔ ሰጥተው ተንበረከኩ። አንዷ ሆድ ላይ በቀይ ቀለም፣ ሌላዋ ሆድ ላይ በቆርቆሮ ተመትቶ፣ አራት መቶ አሥራ ሰባት። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር።

"አይቻለሁ ብለኸኝ ነበር" አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

"ብዬ ነበር።"

ከዘራውን እጃቸው ላይ እስካደርግላቸው ድረስ ወለሉን ይዘው ቆዩ።

ሦስት ሰዎች ያሉበት አጣሪ ኮሚቴ ተቀመጠ። የጋሽ እንየው ቃል አንድ ገጽ አልሞላም። "በስሜ የገባ ነው። ሄጄ አላየሁም።" ጡረታቸው አራት ወር ሲቀረው ከሥራ አገዷቸው። እኔን ኮሚቴው የጠየቀኝ የሶፍትዌሩን አሠራር ብቻ ነው፤ እኔም የሶፍትዌሩን አሠራር ብቻ መለስኩ። የሆነው እንዲህ ነው።

ቤታቸው ሄጄ፣ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው አገኘኋቸው።

"ለምን ዋሹልኝ?"

"ማን ዋሸ? በስሜ ገብቷል፤ ሄጄ አላየሁም። የቱ ነው ውሸቱ?"

"አየሁ ያልኩት እኔ ነኝ እኮ።"

"እሱን ኮሚቴው አልጠየቀኝም። ያንን የመጠየቅ መብት ያላት ሌላ ነች።" በርጩማው ላይ እግራቸውን አስተካከሉ። "ልጃቸው አለች። ሄደህ እያት።"

ዐሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን በሯን አንኳኳሁ። በሩ ላይ እንደ ቆምን ነገርኳት፤ ሁለቱን ማሽኖች፣ ቁልፉን፣ ስልኩን። አቋርጣ አልጮኸችብኝም። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

"ከቢሮዎ እስከ አባቴ ክፍል ስንት ይርቃል?"

ቆጥሬው ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ በየማለዳው ነው የምቆጥረው።

"ሰባ ሁለት እርምጃ።"

"ሰባ ሁለት" ብላ ደገመችው። በሩን አልወረወረችውም፤ ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ቢወረወርብኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ቀን ወደ ጋሽ እንየው ተመለስኩ።

"ሄደህ አየሃት?"

"አየኋት።"

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ፊቴን ለረጅም ጊዜ አነበቡት። በሕይወቴ ወንበር ሆኜ የማውቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያም፣ "አንተ ካየህ እኔ እንዳየሁ ነው" አሉ።

ያ ቃል ዳግመኛ ይነገረኛል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። መንገድ ላይ ወጥቼ፣ ሰው እያየኝ፣ አለቀስኩ።

ጋሽ እንየው ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ኖሩ። ለቅሷቸው ላይ ሚስታቸው አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። የድሮውን እያነሣን ስናወጋ፣ "አንተ መጥተህ የሄድክ ጊዜ እኮ፣ በማግሥቱ በዚያ እግሩ ታክሲ አስጠርቶ ወጣ" አለችኝ። "ተው ብለው፣ ብለው! የመምህሩ ልጅ ቤት ሄዶ፣ 'አንድ ሰው መጥቶ ነበር ወይ?' ብሎ ጠይቋት መጣ። 'ሄዷል፤ እውነቱን ነው' አለና ተኛ። ሳምንት ሙሉ አልተነሣም።"

ለቅሶ ቤት መሆኔን ረስቼ ሣቅሁ። አምስት ዓመት ሙሉ በቃሌ አምነውኝ ነበር ብዬ ስኖር፣ ክቡርነታቸው ሄደው አይተውኝ ኖሯል። ቅርም አላለኝ። በቃል ብቻ ታምኜ ቢሆን ኖሮ፣ እኔው ራሴ ባላመንኩት ነበር።

ሚስታቸው ተነሥታ ወደ እንግዶቹ ሄደች። ግራ እጄን ከተቀመጥኩበት አግዳሚ ሥር ሰድጄ ዳበስኩ። ሻካራ እንጨት ነው፤ ጣቴ ምንም ቁጥር አላገኘም።

ተነሥቼ ገለበጥኩት።